የመድፍ ልጅ፦ ሰፊ አፈሙዝ ያሳወራቸው አዳኞች

«ካሊበሩ ስንት ነው?»

ባፉ የሚጎርስ የአደን ጠመንጃ ለመግዛት ወይም ለማሠራት የተነሣ ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው ይህንን ነው። ሻጩም ቀድሞ የሚመልሰው ይህንኑ ነው። ሕግ አውጪውም ቢሆን ከዚህ ብዙ ፈቀቅ አላለም። የቀዳዳው ስፋት ከታወቀ ሌላው ሁሉ የታወቀ ይመስላል። በርሜሉ ምን ያህል ይርዘም፣ ውስጡ የተቀረጸው ቦይ በስንት ኢንች አንዴ ይዙር፣ ብረቱ ምን ያህል ይወፍር የሚለው የባለሙያ ጣጣ ተደርጎ ይታለፋል። ቁጥሩ በተለቀ ቁጥር ጠመንጃው ብርቱ፣ ባለቤቱ ጀግና፣ አውሬው ደግሞ ገና ሳይተኮስበት የሞተ ያህል ይቆጠራል።

ይህ ስሕተት ነው። ስሕተት ብቻ ቢሆን የገዢው ኪስ ጉዳይ ነው ተብሎ ሊታለፍ ይችል ነበር። ዕዳውን የሚከፍለው ግን ሌላ ነው፤ ሆዱን ተመትቶ ጥሻ ውስጥ የሚገባው፣ ማንም ሳያገኘው ሲያቃስት አድሮ የሚሞተው እንስሳ።

«በዚህ ዘመን ባፉ የሚጎርስ ጠመንጃ ማን ይይዛል?» የሚል አይጠፋም። በአሜሪካ እጅግ ብዙ ሰው ይይዛል። ብዙዎቹ የአሜሪካ ግዛቶች ለዚህ መሣሪያ ብቻ ከመደበኛው የአደን ወቅት የተለየ ወቅት ከልለዋል። አዳኙ ባሩዱን ባፈሙዙ ያፈስሳል፤ በቅባት የራሰ ጨርቅ የለበሰ የእርሳስ አረር ያስከትላል፤ በዘንግ ጠቅጥቆ ባሩዱ ላይ ያስቀምጠዋል። አንድ ተኩስ ብቻ! ከዚያ እንደገና ከሀ ይጀመራል። ዘመናዊ ጠመንጃ የያዘ ሰው የመጀመሪያውን ስሕተት በሁለተኛው ጥይት ሊያርም ይችላል። ይህኛው አይችልም። ስለዚህ በርሜሉ ሲመረጥ የተሠራች ስሕተት ጫካ ውስጥ የምትታረምበት ዕድል የላትም።

እኛ ዘንድ እንዲህ ያለውን መሣሪያ ጥንት ነፍጥ ይሉት ነበር። ቃሉ ዛሬ ፖለቲከኞች እጅ ገብቶ ከብረቱ ተፋቷል። እዚህ የሚወራው ስለ ብረቱ ብቻ ነው።

የሰፊ አፈሙዝ አምላኪዎች ነቢይ አላቸው፤ እንግሊዛዊው አዳኝና አሳሽ ሳሙኤል ቤከር። ደጋግመው ይጠቅሱታል። አንብበውታል ለማለት ግን ያስቸግራል። ቤከር በ1861 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ኋላ ሚስቱ ከሆነችው ከፍሎረንስ ጋር ከካይሮ ተነሥቶ ከኢትዮጵያ ደጋ የሚወርዱትን የዓባይ ገባሮች ሊመረምር ወጣ። በአትባራ፣ በሰቲት፣ በአንገረብ ዳርቻ ለወራት አደነ። ሰቲት ማለት የእኛው ተከዜ ነው፤ ቆላ ሲወርድ ስሙን ይለውጣል። የጉዞው መጽሐፍ በ1867 ታተመ፤ ስለ ትልልቅ ጠመንጃዎች የሚወራው አብዛኛው ተረትም ከዚያ የተቀዳ ነው።

ተረቱ የሚያጠነጥነው በአንድ ጠመንጃ ላይ ነው። ለንደን በሆላንድ ቤት የተሠራ፣ 20 ፓውንድ ማለትም 9 ኪሎ ያህል የሚመዝን ባለ አንድ በርሜል ነበር። የሚጎርሰው ግማሽ ፓውንድ፣ ማለትም 227 ግራም የሚመዝን የሚፈነዳ ጥይት ነው። ዓረቦቹ ሎሌዎች አይተው «የመድፍ ልጅ» አሉት። ቤከር ስሙ ረዘመበትና «ሕፃኑ» እያለ ይጠራው ጀመር። ምላጩን ሲስብ የጠመንጃው ርግጫ መላ አካሉን እንደሚያሽከረክረው ራሱ ይተርካል፤ ቤከር ደግሞ በጉልበቱ የታወቀ ሰው ነበር። በበርካታ ዓመታት ውስጥ የተኮሰውም 20 ጊዜ ያህል ብቻ ነው። በተኮሰ ቁጥር ግን አውሬ ጥሏል።

አምላኪዎቹ ይህችን የመጨረሻዋን ይዘው ይሮጣሉ። ከሷ በፊት ያለችውን ያንጠባጥቧታል። በዘመኑ ከነበሩት አዳኞች ሁሉ ብርቱ ከሚባሉት አንዱ የሆነ ሰው፣ ዝሆን በሞላበት አገር፣ በዓመታት 20 ጊዜ ብቻ ደፍሮ የተኮሰው ጠመንጃ ምን ዓይነት መሣሪያ ነው? የቀረውን ሁሉ ያደነው በሌሎቹ፣ ቀዳዳቸው በጠበበ ጠመንጃዎች ነው። «ሕፃኑ» ጌጥ ነበር። ለጌጥ 9 ኪሎ ብረት በበረሃ ማሸከም የሎሌዎቹ ዕጣ ሆነ።

አሁን ቁጥሩን እንየው። «ሕፃኑ» የሚጎርሰው ባሩድ 10 ድራም፣ ወደ 18 ግራም ያህል ነበር። ይህ ለ227 ግራም ጥይት ነው። ባሩዱ ከጥይቱ ክብደት አንድ አሥራ ሦስተኛ መሆኑ ነው። ከዚህ በላይ ቢጨመርማ ኖሮ የሰው ትከሻ አይችለውም። ከዚህ አንሶ የተተኮሰ ከባድ ጥይት ደግሞ አይከንፍም፤ እንደ ተወረወረ ድንጋይ ቀስ ብሎ ይሄድና ቶሎ ያዘቀዝቃል። ጥይቱ እየፈነዳ ካልረዳው በቀር ያ ሁሉ ስፋት በራሱ የትም አያደርስም።

ቤከር ግን ከዚያ በፊት ሌላ ጠመንጃ ነበረው፤ ስለዚያኛው ብዙ አይወራም። በ1840፣ ገና ሃያ ዓመት ሳይሞላው፣ የብሪስቶሉ ጠመንጃ ሠሪ ጊብስ የሠራለት ነው። ርዝመቱ 36 ኢንች የሆነ በርሜል፤ ሁለት ጥልቅ ቦዮች፤ ቦዮቹ በዚያው በ36 ኢንች ውስጥ አንዴ የሚዞሩ፤ ጠቅላላ ክብደት 21 ፓውንድ፤ አረሩ 3 አውንስ የሚመዝን ክብ፣ ባሩዱ 16 ድራም። 85 ግራም አረር በ28 ግራም ባሩድ ማለት ነው፤ ሲሶ! ጠባቡ ጠመንጃ ከሰፊው ከአንድ ተኩል ጊዜ በላይ ባሩድ ይጎርሳል፣ ክብደቱም ከሰፊው በአንድ ፓውንድ ይበልጣል። አረሩም እንዲሁ ክብ ብቻ አልነበረም። ወገቡ ላይ መቀነት ነበረው። መቀነቱ ከሁለቱ ቦዮች ጋር ገጥሞ ስለሚገባ ባሩዱ የቱንም ያህል ቢገፋው ከቦዩ ዘሎ አይወጣም። ለዚህ ነው ያን ያህል ፈጣን ጥምዝ ያን ያህል ባሩድ የቻለው።

እንግዲህ የቤከር ሊቅነት ያለው እዚህ ነው። አረሩ፣ ቦዩ፣ ባሩዱ፣ ብረቱ አንድ ላይ ታስበው የተወለዱ ናቸው። ከነሱ አንዱን ብቻ ነጥሎ «የቤከርን ጠመንጃ አሠራሁ» የሚል ሰው ኮቱን ሳይለካ ቁልፉን የገዛ ነው።

በነገራችን ላይ፣ እዚያው ሰቲት ዳር ቤከር ያገኛቸው የሐምራን ዓረቦች ዝሆን የሚጥሉት በሰይፍ ነበር። አንዱ በፈረስ ከፊት ከፊት እየሮጠ ዝሆኑን ያታልላል፤ ሌላው ከኋላ ደርሶ ቋንጃውን ይቆርጣል። የካሊበር ክርክር አላስጨነቃቸውም። የዚያ አካባቢ ዝሆኖች ቅሪት ዛሬ በቃፍታ ሸራሮ ብሔራዊ ፓርክ አለ። ተከዜን ወዲያና ወዲህ ይሻገራል።

ኢትዮጵያዊ አንባቢ እስካሁን ሴባስቶፖልን ሳያስብ አልቀረም። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያስቀለጡት፣ 7 ቶን ያህል የሚመዝነውና በሰው ጉልበት ተጎትቶ መቅደላ የወጣው ያ መድፍ ባፉ የሚጎርስ እጅግ ሰፊ መሣሪያ ነበር። በ1868 በአሮጌ ሜዳ ግን የእንግሊዝ እግረኛ የያዘው ስናይደር በኋላ በኩል የሚጎርስ፣ የቀዳዳው ስፋት 14.7 ሚሊ ሜትር ብቻ የሆነ ጠመንጃ ነበር። ውጤቱን ሁሉም ያውቀዋል። ንጉሡ ያንን መድፍ ያሠሩበት ምክንያት ከአደን ጋር አይነጻጸርም፤ የአንድ አገር ሕልም ነበርና። ለአጋዘን አደን ጠመንጃ የሚመርጥ ሰው ግን እንዲህ ያለ ሰበብ የለውም።

ይህ ሁሉ ሲባል ሰፊ ቀዳዳ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ክብ አረር ለሚተኩስ ሰው ስፋት ትልቅ ነገር ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። ረዥም ጥይት ስፋቱ ሳይጨምር በርዝመቱ ሊከብድ ይችላል። ክብ አረር ግን ርዝመቱም ስፋቱም አንድ ነው፤ ሊከብድ የሚችለው በመስፋት ብቻ ነው። ሲሰፋ ደግሞ ክብደቱ በፍጥነት ይጨምራል። 12.5 ሚሊ ሜትር የሆነ ክብ የእርሳስ አረር 11.6 ግራም ይመዝናል። 17.5 ሚሊ ሜትር የሆነው 32 ግራም ገደማ ይመዝናል። ስፋቱ 40 በመቶ ብቻ ጨምሮ ክብደቱ 2.7 ጊዜ ሆነ። ክብ አረር አየር ላይ ቶሎ ይደክማል፤ ትንሹ 90 ሜትር ሳይርቅ ከፍጥነቱ ሲሶውን ያህል ይጥላል። ከባዱ በተሻለ ይዘልቃል። እስከዚህ ድረስ የስፋት ወዳጆች ትክክል ናቸው፤ ሊመሰገኑም ይገባል።

የሚሳሳቱት ከዚህ በኋላ ነው። ስፋቱን ከመረጡ በኋላ ጥምዙን ከሌላ ጠመንጃ ይዋሳሉ።

ጥምዝ ማለት ቦዩ አንድ ሙሉ ዙር ለመዞር የሚፈጅበት ርዝመት ነው። «አንድ በ28» ሲባል በ28 ኢንች አንዴ ይዞራል ማለት ነው፤ ይህ ፈጣን ነው። «አንድ በ70» ዘገምተኛ ነው። ረዥም ጥይት አየር ላይ እንዳይገለበጥ በብርቱ መሽከርከር ይፈልጋል። ክብ አረር ግን ምን ይገለበጣል? በየትም በኩል ቢያዩት ክብ ነው። ለሱ ጥቂት ማሽከርከር ይበቃዋል። ከሚያስፈልገው በላይ ፈጣን ጥምዝ ውስጥ ብዙ ባሩድ ከኋላው ሲነድድበት ጨርቁን ቀድዶ ከቦዩ ዘልሎ በቀጥታ ይወጣል። ያን ጊዜ ጠመንጃው ቦይ እንደሌለው ቱቦ ይሆናል፤ አረሩም ወዳሻው ይሄዳል። ይህን ያየ አዳኝ ባሩዱን ይቀንሳል። ባሩድ ሲቀንስ አረሩ ይዘገያል፣ መንገዱ ይጎብጣል። መንገዱ ከጎበጠ ርቀትን በ20 ሜትር የተሳሳተ ሰው ልብ ያለመበትን እግር ይመታል። ቁስለኛ አውሬ የሚፈጠረው እንዲህ ነው። የካሊበር ማነስ ጥፋት አይደለም።

ይህን በግልጽ የጻፈው በመካከለኛው ሕንድ ያገለገለ ጄምስ ፎርሳይዝ የሚባል እንግሊዛዊ መኮንን ነው። በ1863 ባሳተመው የአደን ጠመንጃ መጽሐፍ የዘመኑን ሠሪዎች አጥብቆ ነቀፈ፤ ለረዥም የጦር ሜዳ ጥይት የታሰበ ፈጣን ጥምዝ በአደን ጠመንጃ ውስጥ እየቀረጻችሁ አዳኙን ባሩድ ታስቀንሱታላችሁ ነው ክሱ። በእንግሊዞች አቆጣጠር 14 ቁጥር ለሚባለው በርሜል አንድ ዙር በ104 ኢንች ይበቃል አለ። (ቁጥሩ ከአንድ ፓውንድ እርሳስ ስንት ክብ አረር እንደሚወጣ ነው፤ ስለዚህ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። በ14 ቁጥር የቀዳዳው ስፋት 0.693 ኢንች ነው።) 104 ኢንች ማለት ከ2 ሜትር ተኩል በላይ ነው። በርሜሉ አልቆ አረሩ ገና ሲሶውን ዙር እንኳ አልጨረሰም። ሠሪዎቹ ይህ ቦይ ነው ወይስ ጭረት ቢሉ አይፈረድባቸውም።

ከ16 ዓመት በኋላ፣ በ1879፣ የሒሳብ ሊቁ ጆርጅ ግሪንሂል ጥይት ሳይገለበጥ ለመሄድ የሚያስፈልገውን ጥምዝ የሚያሰላ ቀላል ቀመር አወጣ። የጥይቱ ስፋት በ150 ይባዛል፤ ከዚያ ጥይቱ የስፋቱን ስንት ጊዜ ያህል እንደሚረዝም ለሚያሳየው ቁጥር ይካፈላል። ቀመሩ የተሠራው ለረዣዥም ጥይት ነው። ሆኖም ርዝመቱ ከስፋቱ እኩል የሆነውን ክብ አረር ቢያስገቡበት 0.693 በ150 ተባዝቶ 104 ይመጣል። ፎርሳይዝ ያለው ቁጥር ራሱ!

ይህን ቀመር ማንም ሰው በስልኩ ሊያሰላው ይችላል። ክብ አረር ለሚተኩስ ባለ 0.50 ኢንች በርሜል 75 ኢንች ይሰጣል። ርዝመቱ የስፋቱ እጥፍ ለሆነ ጥይት ግን ያው በርሜል 37 ኢንች ተኩል ይፈልጋል። አሁን ገበያውን እንመልከት። ቶምሰን ሴንተር በ1970 ያወጣው ዝነኛው «ሆከን» አንድ በ48 ነው። ለሁለቱም እንዲሆን ተብሎ ከመካከል የተወሰደ ቁጥር ነው፤ በመጠነኛ ባሩድ ለሁለቱም ሊሠራ ይችላል፤ ለአንዳቸውም ግን ምርጡ አይደለም። ዘመን አመጣሾቹ ቴሌስኮፕ የሚቀበሉ ጠመንጃዎች ደግሞ አብዛኞቹ አንድ በ28 ናቸው፤ በፕላስቲክ ሽፋን ለሚተኮስ ረዥም ጥይት የታሰቡ። ለተሠሩበት ነገር ጎበዞች ናቸው፤ ማንም አይከራከርም። ነገር ግን ገዢው በካሊበሩ ብቻ ተማርኮ ከገዛ በኋላ «የአባቶችን ወግ እጠብቃለሁ» ብሎ ክብ አረር ከብዙ ባሩድ ጋር ሲያጎርሰው ምን ይሆናል? ዒላማ ወረቀቱ እንደ ወንፊት ይሆናል። ከዚያም «ካሊበሩ አንሶ ነው» ብሎ በዚያው ጥምዝ የሰፋውን ይገዛል።

ወደ ክብደት እንምጣ፤ የሰፊ አፈሙዝ አምልኮ ከሁሉ በላይ የሚጋለጠው እዚህ ነው።

ባለ ስምንት ገጽ፣ ከገጽ እስከ ትይዩ ገጽ 1 ኢንች የሆነ፣ 32 ኢንች የሚረዝም የብረት በርሜል ይታሰብ። ቀዳዳው 0.50 ኢንች ቢሆን በርሜሉ 2.6 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ገዢው «አስፉልኝ» ብሎ 0.62 ቢያስደርገው ከውስጥ ብረት ተፍቆ ስለሚወጣ 2.2 ኪሎ ያህል ይቀራል። ከ400 ግራም በላይ ቀለለ። አረሩስ? ከ11 ግራም ተነሥቶ 22 ግራም ገባ። ጠመንጃው ሲቀል የሚተኩሰው ነገር እጥፍ ሆነ። ፍጥነቱና የባሩዱ ምጣኔ ሳይለወጥ አረሩ እጥፍ ሲሆን የርግጫው ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል፤ ጠመንጃው ሲቀል ከዚያም ያልፋል። ይህን የፈለገ ሰው ቢያንስ የበርሜሉን ውጫዊ ውፍረት ከባሩዱ በኩል ጨምሮ ወደ አፉ እያቀጠነ ማሠራት አለበት። ትእዛዝ ሲሰጡ ይህን የሚጠይቁት ግን ጥቂቶች ናቸው፤ ሱቅ ውስጥ ቀላል ጠመንጃ ደስ ይላልና።

ምስክር ካስፈለገ ፍሬድሪክ ሴሉስ አለ። በደቡባዊ አፍሪካ በ1872 እና 1874 መካከል በ4 ቁጥር ባፋቸው በሚጎርሱ ጠመንጃዎች 78 ዝሆኖች ገደለ። 4 አውንስ ክብ አረር፣ ቦይ የሌለው በርሜል፣ በርካሽ የተገዙ የበርሚንግሃም ሥራዎች፣ ከቤከር ጊብስ ጋር ሲተያዩ እጅግ ቀላል። ማንም በስፋት ሊበልጠው አይችልም። ሴሉስ ግን ኋላ በመጽሐፉ የነዚያ ጠመንጃዎች ርግጫ ነርቩን እንደጎዳው፣ ከዚያ ወዲህ ተኩሱ እንደተበላሸ፣ እነዚያን መሣሪያዎች ባልነካቸው ብሎ እንደሚጸጸት ጽፏል። 78 ዝሆን የጣለ ሰው ነው ይህን የሚለው! ቅዳሜና እሁድ የሚያድን የቢሮ ሰራተኛ ከሱ የተሻለ ነርቭ ይኖረዋል? ምላጭ ሲስብ ዓይኑን የሚጨፍን አዳኝ ካሊበሩ ምንም ቢሆን አይመታም፤ መታ ከተባለም ሆድ ነው።

የቀረው በአጭሩ ያልቃል። ርዝመት ብዙ ያከራክራል እንጂ ብዙ አያጠፋም፤ ለጥቁር ባሩድ ከ28 እስከ 32 ኢንች የሆነ በርሜል ለአደን ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ያለው ጫካ ውስጥ ቅርንጫፍ ለመያዝ ነው። የቦይ ጥልቀት ግን ሊጠየቅ ይገባል። በጨርቅ ለሚጠቀለል ክብ አረር ጥልቅ ቦይ፣ ሩብ ሚሊ ሜትርና ከዚያ ትንሽ በላይ፣ ጨርቁን አጥብቆ ይይዛል፤ ጥቀርሻውም የሚያርፍበት ቦታ ያገኛል። ራቁቱን ለሚገባ ረዥም ጥይት ደግሞ የዚያ ግማሽ ያህል የሚጠልቅ ቦይ ይሻለዋል።

አሁን ወደ ሕጉ። ኮሎራዶን እንደ ምሳሌ እንውሰድ፤ በዴንቨርና በኦሮራ ብዙ ኢትዮጵያዊ ስለሚኖር ስሙ ለአንባቢ እንግዳ አይደለም። የግዛቱ ደንብ ባፉ በሚጎርስ ጠመንጃ አጋዘን ለማደን ከ0.40 ያላነሰ፣ ኤልክና ሙስ ለሚባሉት ግዙፎች ከ0.50 ኢንች ያላነሰ ቀዳዳ ይጠይቃል። ለጥይቱም ዝቅተኛ ክብደት ወስኗል። ጥምዙ ምን ይሁን አይልም። ስለዚህ በሕግ ፊት አንድ በ28 በሆነ ባለ 0.50 በርሜል ከመጠን ያለፈ ባሩድ አጉርሶ ክብ አረር የሚበትን ሰው ኤልክ ማደን ይችላል። በ0.45 ተገቢ ጥምዝ፣ ተገቢ ረዥም ጥይት ይዞ ወረቀት ላይ ሦስት ጥይት በአንድ ጥፍር ስፋት የሚያሳርፈው ግን ወንጀለኛ ነው። ሕጉ የሚጠብቀው እንስሳውን ከሆነ የሚለካውን ተሳስቷል።

የደንቡ ተከላካዮች መልስ አላቸው፤ ቀላልም አይደለም። የጫካ ጠባቂ በበረሃ መካከል ሒሳብ ሊያሰላ አይችልም፤ የቀዳዳ ስፋት በመለኪያ አንዴ ይለካል፤ ሕግ የሚጸናው ሲቀል ነው ይላሉ። እውነት አላቸው፤ ጥምዝ መለካት ግን ያን ያህል ከባድ አይደለም። በርሜሉ ባዶ መሆኑ ይረጋገጣል። ዘንጉ ጫፍ ላይ ጠበቅ ያለ ጨርቅ ይደረግና እስከ ታች ይገባል። ዘንጉ አናት ላይ በእርሳስ ምልክት ይደረጋል። ከዚያ ቀስ ብሎ ይሳባል፤ ጨርቁ ቦዩን ይዞ ስለሚመጣ ዘንጉ እየዞረ ይወጣል። ምልክቷ ሩብ ዙር ስትዞር የተሳበው ርዝመት ይለካል፤ በአራት ይባዛል። አለቀ። አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ሌላም መልስ አለ፤ «ትልቅ አረር ስሕተትን ይሸፍናል፤ ትልቅ ቀዳዳ ብዙ ደም ያፈስሳል» የሚል። ይህ በአዳኞች መካከል እንደ ቅዱስ ቃል የሚደጋገም ነው። ሳንባ ውስጥ ለገባ አረር እውነት አለው። ሆድ ውስጥ ለገባ ግን 12 ሚሊ ሜትርም ሆነ 18 ሚሊ ሜትር ልዩነቱ እንስሳው የሚያቃስትበት ሰዓት ብዛት ነው፤ ሳንባውን የሚያስመታው ደግሞ የአረሩ መንገድ አለመጉበጥና የተኳሹ ዓይን አለመጨፈን ነው። ሁለቱም የጥምዝና የክብደት ልጆች ናቸው።

ጠመንጃ ሠሪ ፊት የሚቆም ሰው እንግዲህ የትእዛዝ ወረቀቱን ከታች ወደ ላይ ይሙላው። ምን ሊያድን ነው? ከስንት ሜትር? ክብ አረር ነው ወይስ ረዥም ጥይት? ትከሻው ሳይፈራ በቀን 20 ጊዜ ሊተኩሰው የሚችለው ምን ያህል ነው? ከዚያ ጥምዙ ይወጣል፤ ከጥምዙና ከአረሩ የብረቱ ውፍረት ይወጣል። ካሊበሩ የሚጻፈው ያን ጊዜ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ሰውየው ሱቅ ሲገባ ካሰበው ያነሰ ቁጥር ይሆናል። ሠሪው «ጥምዙን ለኔ ተወው» ካለ ገንዘቡን ይዞ ቀጥሎ ያለው ሱቅ ይግባ።